ውሃው ሄዶ ቲማቲሙ ሲቀር

በደንብ የደረቀ ቲማቲም መዳፍ ላይ ሲያርፍ ክብደቱ አይሰማም። ወደ መስኮት አስጠግተው ብርሃን ቢያሳልፉበት ዳር ዳሩ ጠቆር፣ መሀሉ ደማቅ ቀይ ሆኖ ይታያል። ጠርዙ በስሱ ወደ ውስጥ ተጠቅልሏል። ልጣጩ ተጨማዷል፤ ግን አልተሰነጠቀም። ሲያጥፉት እንደ ለፋ ቆዳ ይታጠፋል፤ ሲለቁት ቀስ ብሎ ወደ ቦታው ይመለሳል። ጣት ላይ ጭማቂ አያስቀርም፣ አይጣበቅምም። ሣር ሣር የሚለው የጥሬ ቲማቲም ሽታ ጠፍቶ ጣፋጭና ጠለቅ ያለ መዓዛ ተተክቶበታል። አፍ ውስጥ ሲገባ መጀመሪያ ጣፋጭነቱ፣ ቀጥሎ ኮምጣጣነቱ፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ ምራቅ የሚያመጣው ከባድ ጣዕሙ ተራ በተራ ይደርሳሉ።

ይህን የቀመሰ ሰው ምስጋናውን ለኦቨኑ ሊሰጥ ይችላል። ኦቨኑ ግን የሚችለው ማሞቅ ብቻ ነው። የትኛው ቁራጭ በቃው፣ የትኛው ይቀረዋል ብሎ የሚወስነው ሰው ነው። ቤት ውስጥ በኦቨን ቲማቲም ማድረቅ ቁልፉን አዙሮ መተኛት የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። እኔ ዓይንና ጣት አጥብቀው ከሚፈተኑባቸው የወጥ ቤት ሥራዎች አንዱ አድርጌ እቆጥረዋለሁ፤ ለምን እንደሆነም ከጅምሩ እስከ ፍጻሜው ባሳይ ደስ ይለኛል።

ነገሩ ከሂሳብ ይጀምራል። ከቲማቲም ክብደት 94 በመቶ ያህሉ ውሃ ነው። 1 ኪሎ ቲማቲም ውስጥ ውሃ ያልሆነው ሁሉ፣ ስኳሩ፣ አሲዱ፣ አሰሩ፣ ማዕድኑና ቀለሙ፣ ተደምሮ 60 ግራም ገደማ ነው። ደርቆ ሲያበቃ ጥቂት እርጥበት ስለሚቀርበት 70 ግራም አካባቢ ይመዝናል። አሥራ አራት የነበረው አንድ ሆነ ማለት ነው። የዚህ ሥራ ጥንቃቄ ሁሉ ከዚህ ቁጥር ይመነጫል፤ ጣዕሙ ሲጠራቀም ጉድለቱም አብሮ ይጠራቀማልና። ሰላጣ ውስጥ ሳይታወቅ የሚያልፍ ያልበሰለ ቲማቲም ሲደርቅ ጎምዛዛነቱ ፊት ያስጨማድዳል። በጥሬው ልክ የነበረ ጨው ሲደርቅ አፍ ያቃጥላል። ትንሽ የተመታች ቦታ ሲደርቅ ጠቁራ ትመራለች። ስለዚህ ባለሙያ የሆነ ሰው በጥሬው ላይ እያንዳንዱን ነገር ሲያደርግ፣ ደርቆ ሲያበቃ ምን እንደሚሆን አስቀድሞ አስቦ ነው።

መጀመሪያ ምርጫው አለ። ከስምጥ ሸለቆ፣ ከመቂ፣ ከዝዋይና ከቆቃ ዙሪያ በመስኖ ለምቶ በእንጨት ሳጥን ወደ አዲስ አበባ ከሚመጣው ቲማቲም ውስጥ ለዚህ ሥራ የሚፈለገው ሞላላው ነው። ገበሬው ዘንድ የታወቀው ሮማ ቪኤፍ የዚህ ወገን ነው። ስሙ ጫፍ ላይ ያሉት ሁለት ፊደላት ከአፈር የሚነሱ ሁለት አጠውላጊ በሽታዎችን መቋቋሙን ያመለክታሉ፤ ገበሬው የሚወደው ለዚህ ነው። የሚያደርቀው ሰው ደግሞ የሚወደው በሌላ ምክንያት ነው፤ ግድግዳው ወፍራም፣ የዘር ክፍሎቹ ጥቂት፣ ውሃው ያነሰ ነው። መልካሳ የግብርና ምርምር ማዕከል ካወጣቸው ዝርያዎች መካከል መልካሳልሳ ለፋብሪካ ድልህ ታስቦ የተመረጠ በመሆኑ ለማድረቅም ይስማማል። ክብ ክቡና ትልልቁ፣ ሲቆረጥ ውሃው ትሪ ላይ የሚፈሰው፣ ለሰላጣ ይቅር።

ገበያ ላይ ዓይን የሚያርፈው ትከሻው ላይ ነው። ግንዱ የነበረበት ዙሪያ ቢጫ ወይም አረንጓዴ ከሆነ፣ ታቹ የቱንም ያህል ቢቀላ፣ ያ ቦታ ሲደርቅ ጠንካራና ጎምዛዛ ሆኖ ይቀራል። ለመንገድ ተብሎ ገና ሳይቀላ የተለቀመ ከሆነ ጥላ ባለው ጠረጴዛ ላይ፣ ሳይነባበር፣ ጥቂት ቀን ይቆያል። ማቀዝቀዣ ውስጥ አይገባም፤ ብርድ የቲማቲምን መብሰል ያስቆማል፣ መዓዛውንም ይገድላል። ከሳጥኑ ሥር ተጨፍልቀው የተገኙት በዚያው ቀን ወጥ ውስጥ ይገባሉ። ለኦቨን የተመረጡት ታጥበው በጨርቅ ይደርቃሉ፣ ከዚያም በመጠን ይለያሉ፤ ትንሽ ከትንሽ፣ ትልቅ ከትልቅ ጋር።

አቆራረጡ ላይ ሙያው በግልጽ መታየት ይጀምራል። ቢላዋው የተሳለ መሆን አለበት፤ የዶለዶመ ቢላዋ ልጣጩን ከመቁረጡ በፊት ሥጋውን ይጨፈልቃል፣ ጭማቂውም ጣውላው ላይ ይቀራል። ቲማቲሙ ከግንዱ ወደ ጫፉ በቁመቱ ለሁለት ይከፈላል። በወርዱ የተቆረጠ ክብ ቁራጭ ዘሩን ያፈስሳል፣ መሀሉም ቀዳዳ ብቻ ሆኖ ይቀራል። በቁመቱ የተከፈለው ግን በዙሪያው ወፍራም ግድግዳ ስላለው ውሃው እየሄደ እንኳ ቅርጹን ይዞ ይቆያል። ግንዱ የተያያዘበት ነጭ እንብርት በቢላዋው ጫፍ በትንሹ ተፈልቅቆ ይወጣል፤ ጠለቅ ብሎ የተፈለቀቀ እንደሆነ ቁራጩ ሲደርቅ ከዚያ ይተረተራል።

ዘሩስ? እዚህ ላይ ብዙዎች ይቸኩላሉ። ዘሩን ያቀፈው ዝልግልግ ነገር እርጥብ ስለሆነ ሥራውን ያዘገያል፤ ጠርጎ መጣል ደግሞ ቀላል ነው። ነገር ግን ከቲማቲሙ አሲድ ብዙው ያለው እዚያ ነው። ጣዕም አጠንካሪ የሆነው ግሉታሜትም ከግድግዳው ሥጋ ይልቅ እዚያ ይበዛል። ሁሉን የጠረገ ሰው ፈጥኖ ያደርቃል፣ ለዛ የሌለው ቁራጭም ያገኛል። ሁሉን የተወ ሰው ደግሞ ዳሩ ሲያርር መሀሉ እንደረጠበ ይቀርበታል። የተካነ እጅ አውራ ጣቱን በክፍሎቹ ውስጥ አንድ ጊዜ ብቻ ያሳልፋል፤ ልቅ የሆነው ውሃና የተላቀቀው ዘር ይወርዳል፣ ግድግዳውን የያዘው ይቆያል። የሰከንድ ሥራ ናት፤ የጣዕሙ ግማሽ ግን እሷ ላይ ነው።

ከዚያ ጨው። ለ1 ኪሎ ቲማቲም ከሻይ ማንኪያ ያነሰ ደቃቅ ጨው ይበቃል። ከፍ ተደርጎ በጣት ጫፍ የሚነሰነስ እንጂ ቅርብ ሆኖ የሚፈስ አይደለም፤ ከፍታው እኩል እንዲዳረስ ያደርጋል። ጨው የተነሰነሰበት ገጽ ወዲያው ማላብ ይጀምራል፤ ከሕዋሶቹ ውስጥ ውሃ እየሳበ ነው። ቁራጮቹ ለግማሽ ሰዓት ያህል በሽቦ ርብራብ ላይ በአፋቸው ተደፍተው ሲንጠባጠቡ ኦቨኑ በኋላ ከሚደክምበት ውሃ የተወሰነው ያለ እሳት ይሄዳል። ከዚያ ተገልብጠው አፋቸው ወደ ላይ ይሆናል። ይህም ምክንያት አለው። የቲማቲም ልጣጭ ሰም ለበስ ስለሆነ ውሃ አያሳልፍም፤ መውጫው የተቆረጠው ገጽ ብቻ ነው። ተደፍቶ የሚደርቅ ቁራጭ በሩ የተዘጋበት ነው።

ርብራቡ ላይ ሲደረደሩ አንዱ ሌላውን አይነካም፤ በመካከላቸው አየር ማለፍ አለበት። ርብራብ ከሌለ ትሪው ላይ የመጋገሪያ ወረቀት ይነጠፋል። በብዙ ቤት ያለው የአሉሚኒየም ትሪ ባዶውን ከሆነ የቲማቲሙ አሲድ ብረቱን ይበላዋል፣ ቁራጩም የብረት ጣዕም ይዞ ይወጣል።

አሁን ወደ እሳቱ። ብዙ መመሪያ 100 ዲግሪ ይላል፤ የተጻፈው ግን ለባሕር ጠለል ቅርብ ለሆነ አገር ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ስለምትገኝ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ቲማቲሙ እንዲደርቅ እንጂ እንዲፈላ አይፈለግምና እዚህ ያለ ጥንቁቅ ሰው ከ80 እስከ 90 ዲግሪ ባለው ውስጥ ይቆያል። እሳት ጨምሮ ለመቅደም የሚሞክር ሰው የሚያገኘው ክፉ ነገር የታወቀ ነው፤ ገጹ ቶሎ ደርቆ ይጠነክርና ውስጡ ያለውን ውሃ ይቆልፍበታል። ከላይ ሲታይ የደረቀ፣ ከውስጥ ግን እርጥብ የሆነ እንዲህ ያለ ቁራጭ ከሁሉ የከፋ ነው፤ ዓይንን አታልሎ ብልቃጥ ውስጥ ይገባና ሌሎቹን ያሻግታቸዋል። ውሃው ከመሀል ወደ ገጽ የሚመጣበት ፍጥነትና ከገጽ ወደ አየር የሚሄድበት ፍጥነት መመጣጠን አለባቸው። ዝግ ያለው እሳት የሚያስገኘው ይህንን ሚዛን ነው።

የኦቨኑ በር ሥር ማማሰያ ይደረጋል፤ በሩ ጣት ያህል ገርበብ ይላል። ከ3 ኪሎ ቲማቲም ውስጥ ወደ 3 ሊትር የሚጠጋ ውሃ በእንፋሎት መውጣት አለበት። በሩ ግጥም ብሎ ከተዘጋ ያ ሁሉ እንፋሎት እዚያው ይሽከረከራል፣ ቲማቲሙም መድረቁ ቀርቶ ይቀቀላል። የወጥ ቤቱም መስኮት ይከፈታል፤ ኦቨኑ የጋዝ ከሆነማ ግዴታ ነው።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሰዓታት ብዙ ለውጥ አይታይባቸውም። ቤቱ በቲማቲም ሽታ ይሞላል፣ በየቁራጩ መሀል የቋተው ጭማቂ ያብረቀርቃል። ከዚያ ጠርዞቹ ቀና ማለት ይጀምራሉ። ጭማቂው ይወፍራል፣ ይጎድላል፣ በመጨረሻም ግድግዳው ላይ ይጋገራል። የሚያብረቀርቀው ገጽ ይደበዝዛል፣ ቀይነቱ ይጠልቃል። ከዚህ በኋላ ያለው ለውጥ ፈጣን ነው። ለረጅም ሰዓት ገጹን ያቀዘቀዘው የራሱ ውሃ ነበር፤ ውሃው ሲያልቅ የኦቨኑ ሙቀት በቀጥታ ያርፍበታል። ስኳሩ መጥቆር ይጀምራል። ጥቂቱ ጥቁረት ጣዕም ነው፤ ሲያልፍ ምሬት ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ጊዜ ለትንንሾቹ ቁራጮች ከሩብ ሰዓት ላይበልጥ ይችላል።

በሠፈራችን ይህን ሥራ ጥንቅቅ አድርገው የሚሠሩ እናት አሉ። ከዓመታት ሥራ የተነሳ ኦቨናቸውን ያውቁታል፤ ከኋላ ግራው ጥግ ይበልጥ እንደሚሞቅ፣ የታችኛው ትሪ ከላይኛው እንደሚዘገይ። በየሰዓቱ ትሪውን ያዞሩታል፣ የላዩን ወደ ታች የታቹን ወደ ላይ ያደርጉታል። አጠገባቸው ቆሜ ሲሠሩ እያየሁ፣ «እማማ፣ ስንት ሰዓት ይፈጅበታል?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«የትኛው?» አሉኝ፣ ዓይናቸውን ከትሪው ሳያነሱ።

ከዚህ የተሻለ መልስ አላውቅም። ትሪው ላይ ያሉት ሁሉ በአንድ ሰዓት ገብተዋል፤ በአንድ ሰዓት ግን አይወጡም። በሩን ከፍተው ጣታቸውን ያሳርፉና ከጠርዝ ሁለት፣ ከኋላ ሦስት እያነሱ ሰሃን ላይ ያደርጋሉ፤ የቀረውን ያሰፉና በሩን መልሰው ገርበብ ያደርጉታል። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ደግሞ ይመለሳሉ። የመጀመሪያው ቁራጭ በስድስተኛው ሰዓት ከወጣ የመጨረሻው በአሥረኛው ሊወጣ ይችላል። ለትሪው ሁሉ አንድ ሰዓት የሚመድብ ሰው እኩሌታውን አሳርሮ እኩሌታውን ያረጥባል።

መድረቁን ለማወቅ የሚያደርጉትም ማየት የሚገባው ነው። አንዱን ያነሱና መጀመሪያ እንዲቀዘቅዝ ይተዉታል፤ ትኩስ ሳለ ሁሉም ለስላሳ ስለሆነ ያታልላል። ሲበርድ ወፍራሙን ቦታ ይፈልጉና በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ይጫኑታል። ጠብ የሚል ነገር ካለ ይመለሳል። አጥፈውት ልጣጩ ቀጭ ካለ አልፎበታል፤ እሱ ለዱቄት ይለያል። ሳይሰበር ታጥፎ ጣት ላይ ሳይጣበቅ ከተመለሰ በቅቶታል። መብራት ሲጠፋ አይደነግጡም፤ እንፋሎቱ ተመልሶ እንዳያረጥባቸው በሩን ወለል አድርገው ይከፍቱና በስስ ጨርቅ ይሸፍኗቸዋል። ቆይታው ከረዘመ ገና እርጥብ የሆኑት በዚያው ቀን ስልስ ይሆናሉ።

ለእኛ ቤቶች ይህ እጅ እንግዳ አይደለም። ቋንጣን በእኩል ውፍረት ዘልዝሎ የሚሰቅል፣ የእንጀራ ድርቆሽን የሚያሰጣ፣ በርበሬን በየቀኑ እያገላበጠ የበቃውን ከቀረው የሚለይ ሰው የማድረቅን ሕግ አስቀድሞ ያውቃል። በደቡብ ጣሊያን፣ በፑሊያና በካላብሪያ፣ ቲማቲም ለሁለት ተከፍሎ፣ ጨው ተነስንሶበት፣ በነሐሴ ፀሐይ ለቀናት ይሰጣል፤ ማታ ማታ ጤዛ እንዳይነካው ይሸፈናል ወይም ይገባል። የእነሱ በጋ ደረቅና ሙቅ ነው። አዲስ አበባ ላይ ነሐሴ ዝናብ ነው፤ ፀሐይ በሞላበት በኅዳርና በታኅሣሥ ደግሞ ሌሊቱ ብርድ፣ ጠዋቱ ጤዛ ነው። እንደ በርበሬ ውሃው ያነሰ ነገር ይህን ይችላል፤ 94 በመቶ ውሃ የሆነ ቲማቲም ግን ሳይደርቅ ይሻግታል። ኦቨን እዚህ ቦታ ያገኘው በዚህ ምክንያት ነው፤ ቀናት የሚፈጀውን በአንድ ቀን ይጨርሳል።

ከኦቨን መውጣት ግን የሥራው መጨረሻ አይደለም። ሁሉም ፈጽሞ ከቀዘቀዘ በኋላ ደረቅ የመስታወት ብልቃጥ ውስጥ፣ ሁለት ሦስተኛው ያህል እስኪሞላ፣ ሳይጠቀጠቅ ይገባል። ለአንድ ሳምንት በየቀኑ ይነቀነቃል። በጣም የተጠነቀቀ ሰው እንኳ ትንሽ የረጠበና ትንሽ የደረቀ ቁራጭ ይቀላቅላልና፣ በዚህ ሳምንት ውስጥ እርጥበቱ ከአንዱ ወደ ሌላው ተሻግሮ ይስተካከላል። የብልቃጡ ግድግዳ ላይ ጭጋግ ከታየ ሁሉም ለአንድ ሰዓት ወደ ኦቨን ይመለሳል። ጭጋግ ካልታየ ክዳኑ ይጠብቅና ብርሃን የማይደርስበት ቁም ሣጥን ውስጥ ይቀመጣል፤ ቀዩን ቀለም የሚሰጠው ላይኮፒን በብርሃን ይደበዝዛል። በክረምት ክዳኑ በተከፈተ ቁጥር እርጥብ አየር ስለሚገባ ትንንሽ ብልቃጦች ከአንድ ትልቅ ይሻላሉ።

ዘይት ውስጥ ማስቀመጥ የሚወድ ሰው ተጨማሪ ጥንቃቄ አለበት። ዘይት አየር ይከለክላል፤ አየር የሌለበትንና አሲዱ ያነሰበትን ቦታ የሚወደው ክሎስትሪዲየም ቦቱሊነም ደግሞ ሳይሸት፣ ቀለም ሳይለውጥ መርዝ ያመርታል። ስለዚህ ቁራጮቹ በመጀመሪያ አቼቶ ውስጥ ተነክረው ይጠፈጠፋሉ፣ ከዚያ ዘይት ይፈስባቸዋል። ጥሬ ነጭ ሽንኩርትና እርጥብ በሶብላ አይጨመርም፤ እነሱ የሚገቡት ምግቡ ሊበላ ሲል ነው። ብልቃጡ ማቀዝቀዣ ውስጥ ይቀመጣል፣ ቶሎም ይበላል። ግማሽ ብቻ ደርቆ ለስላሳ የቀረው ደግሞ ቦታው ፍሪዘር ነው። ማዕረግ ያለው ሥራ የሚበላውን ሰው ደኅንነት የሥራው አካል ያደርጋል።

ጥቅሙን ከዚህ በኋላ ድስቱ ይናገራል። ሥጋና ቅቤ በሌለበት በሁዳዴ 55 ቀናት ውስጥ ሽሮና ምስር የሚጎድላቸው ያ ከባድ ጣዕም ነው፤ ደረቅ ቲማቲም ያንን ይዞ ይመጣል። ከአራት እስከ አምስት ቁራጭ በሙቅ ውሃ ለሃያ ደቂቃ ተነክሮ፣ ተከትፎ፣ ሽንኩርቱ ከተቁላላ በኋላ ከነመንከሪያው ውሃ ይገባል። ቀጭ ብሎ የቀረው ተፈጭቶ ሽሮ ዱቄት ላይ ይነሰነሳል። ክረምት ገብቶ ዝናብና በሽታ ማሳውን ሲጎዳው፣ ገበያው ላይ ጥሩ ቲማቲም ሲወደድ፣ በጋ ላይ በርካሽ ተገዝቶ የደረቀው ብልቃጥ ውስጥ አለ።

የእኔ አድናቆት ግን ከቁጠባውም ከጣዕሙም ይልቅ አንድ ነገር ላይ ያርፋል። ሳጥኑ ውስጥ የነበረው ቲማቲም እኩል አልነበረም፤ አንዱ ትልቅ፣ አንዱ ትንሽ፣ አንዱ ውሃ የበዛበት፣ አንዱ ሥጋ የወፈረበት ነበር። ኦቨኑም እኩል አይሞቅም። ከዚህ ሁሉ መዛነፍ ውስጥ አልፎ ብልቃጡ ውስጥ የገባው ግን ከላይም ቢወሰድ ከታችም አንድ ዓይነት ነው፤ አንዱ አላረረም፣ አንዱ አልረጠበም። ይህን እኩልነት ቴርሞሜትርም ሰዓትም አያመጣውም። የሚያመጣው እያንዳንዱን ቁራጭ ለብቻው የሚያይ፣ ለእያንዳንዱ የራሱን ጊዜ የሚሰጥ ሰው ነው። እንዲህ ያለ ብልቃጥ በስጦታ የደረሰው ሰው፣ ውስጡ ያለው እያንዳንዱ ቁራጭ ቢያንስ አንድ ጊዜ በጣት ተይዞ፣ ተመዝኖ፣ «በቃህ» እንደተባለ ይወቅ።